ስሟ ያልተጻፈ ንግሥት

ዮዲት ጉዲት የሚለውን ስም ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በትግርኛ ጉዲት፣ በአማርኛ ደግሞ ዮዲት ወይም እሳቶ እየተባለች የምትጠራው ይህች ሴት አክሱምን አቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፣ በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ይጠበቁ የነበሩትን የነገሥታት ልጆች ፈጀች፣ አርባ ዓመትም ነገሠች ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ አያቴ ስሟን በጠራች ቁጥር አማትባ ነበር ወሬዋን የምትቀጥለው። ካደግሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ይህን ሁሉ ያደረገች ንግሥት በእርግጥ ከነበረች፣ እርሷ በሕይወት ሳለች ወይም የዘመኗ ትዝታ ገና ሳይደበዝዝ ስለ እርሷ የጻፈ ሰው ይኖር ይሆን? ከጻፈስ ምን አለ? የሚከተለው ይህን ጥያቄ ይዤ መጻሕፍትን ሳገላብጥና ቦታዎቹን ስመለከት ያገኘሁት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

አስቀድሜ አፈ ታሪኩ የነገሩን መነሻ እንዴት እንደሚተርከው ላስታውስ። ትረካው ከቦታ ቦታ መልኩን ቢለዋውጥም፣ ከታወቁት ውስጥ አንዱ እንዲህ ይላል። ዮዲት ከአክሱም ነገሥታት ዘር የተወለደች፣ ነገር ግን ተቸግራ ገላዋን በመሸጥ የምትተዳደር እጅግ የተዋበች ሴት ነበረች። አንድ ዲያቆን ወደዳት፤ እርሷም የወርቅ ጫማ ካላደረግህልኝ አለችው፤ እርሱም ከጽዮን ቤተ ክርስቲያን የወርቅ መጋረጃ ቆርጦ ጫማ አሠራላት። ነገሩ ሲታወቅ ካህናቱ ፈረዱባት፤ ጡቷ ተቆረጠ፣ ከአገርም ተባረረች። በስደት ላይ ሳለች የአይሁድ እምነት ያለው የሌላ አገር መስፍን አገባች፣ እምነቱንም ተቀበለች፤ ከዚያ ጦር አስከትታ ተመልሳ አገሩን በእሳት ተበቀለች። እንግዲህ በዚህ ትረካ መሠረት የአንድ ትልቅ መንግሥት ውድቀት ምክንያቱ የአንዲት ሴት ውበት፣ ኃፍረትና ቂም ነው ማለት ነው። ይህን ነጥብ በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዘመኗና ለዘመኗ ቀርበው ከተጻፉት ውስጥ የመጀመሪያው ምስክር አገራችንን የሚመለከተው ከሩቅ ነው። ኢብን ሐውቀል የሚባለው የዓረብ ተጓዥና የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ከ943 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በእስልምናው ዓለም ሲዘዋወር የኖረ ሰው ሲሆን፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ባዘጋጀው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሐበሻ አገር ጥቂት መስመሮችን አስፍሯል። የሚለውም፣ አገሪቱን ለብዙ ዓመታት የምትገዛት ሴት ናት፤ ሐፃኒ በሚል ማዕረግ ይጠራ የነበረውን የሐበሻ ንጉሥ የገደለችው እርሷ ናት፤ እስከ ዛሬም የራሷን አገርና ከሐፃኒው ግዛት ጋር የሚዋሰነውን ምድር ማንም ሳይነካት ትገዛለች የሚል ነው። ሐፃኒ የሚለው ማዕረግ ባዕድ ሰው ከአየር ላይ ሊይዘው የሚችል ቃል አይደለም፤ በአክሱም በድንጋይ ላይ ከተገኙት ጽሑፎች መካከል ሐፃኒ ዳንኤል የሚባል ገዢ ያስቀረጻቸው አሉና። ኢብን ሐውቀል የሰማውን የሰማው ነገሩን ከሚያውቅ ሰው ነው ለማለት ይህ አንድ ማዕረግ በቂ መስሎ ይታየኛል። በዚሁ ዘመን አካባቢ፣ በ969 ወይም በ970፣ የየመን ገዢ ለኢራቅ ገዢ አንዲት የሜዳ አህያ በስጦታ እንደላከና እርሷንም ከሐበሻ ንግሥት በስጦታ ያገኛት እንደነበረ የሚናገር የዓረብ ታሪክ አለ። ይህች ንግሥት ማን እንደሆነች አይነገርም፤ ይሁን እንጂ በዘመኑ ከቀይ ባሕር ማዶ ካሉ ገዢዎች ጋር ስጦታ የምትለዋወጥ ሴት በእኛ ምድር መኖሯን ያስረዳል።

ሁለተኛው ምስክር ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው ነው። በእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ ውስጥ ከ979 እስከ 1003 በመንበሩ ላይ ስለነበረው ስለ አባ ፊላታዎስ የተጻፈ ክፍል አለ፤ የጻፈውም በግብፅ የነበረችው የቲኒስ ከተማ ጳጳስ ሚካኤል ነው፣ በ1051 አካባቢ። እዚያ ላይ እንደተተረከው፣ ስሙ ያልተጠቀሰ የኢትዮጵያ ንጉሥ በዛሬዋ ሱዳን ለነበረው ለኖባ መንግሥት ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ይልካል። የበኒ አል ሐምዊያ ንግሥት እንደተነሳችበት፣ ከተሞቹን እንዳቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናቱን እንዳጠፋች፣ እርሱንም ከቦታ ቦታ እንዳሳደደችው ይነግረዋል። ከዚያም ይማጸነዋል፤ ለሊቀ ጳጳሱ ጻፍልኝ፣ ጳጳስ ይላክልን፣ አለበለዚያ በአገራችን ክርስትና ይጠፋል ይላል። ስንክሳራችንም የዚህን ሊቀ ጳጳስ ነገር ሲያወሳ ይህን ደብዳቤ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ታሪኩ ለአገራችን ካህናት ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማየት የምፈልገው ንጉሡ ለደረሰበት መከራ የሰጠውን ምክንያት ነው። የተሸነፈና የተሰደደ ንጉሥ ጠላቱን በምን ያህል ክፉ ቃል ሊገልጽ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በደብዳቤው ውስጥ ግን ስለ ውበቷ፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ ወርቅ ጫማ፣ ስለ ተቆረጠ ጡት፣ ስለ አይሁድነትም አንድም ቃል የለም። ንጉሡ መከራው የመጣው ከእርሱ በፊት የነበሩት ነገሥታት በጳጳሳቸው ላይ በፈጸሙት በደል የተነሳ ነው ባይ ነው።

በደሉ ምን እንደሆነ ያው የሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ ከፍ ብሎ በዝርዝር ይተርከዋል። በሊቀ ጳጳሱ በአባ ቆዝሞስ ዘመን፣ ከ921 እስከ 933 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አቡነ ጴጥሮስ የሚባል ጳጳስ ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ሁለት ልጆቹን ለጳጳሱ አደራ ሰጥቶ፣ ለመንግሥት የሚገባውን አንተ መርጠህ አንግሥ አለው። አቡነ ጴጥሮስ ታላቁን ትቶ ታናሹን አነገሠ። ከጊዜ በኋላ ሁለት ተንከራታች መነኮሳት መጥተው ጳጳሱን ገንዘብ ለመኑት፤ ሳይሰጣቸው ሲቀር ተቀይመው፣ ከሊቀ ጳጳሱ የተላከ የሚመስል ሐሰተኛ ደብዳቤ አዘጋጁ። ደብዳቤው ጴጥሮስ አስመሳይ ነው፣ እውነተኛው ጳጳስ ከሁለቱ መነኮሳት አንዱ ሚናስ ነው የሚል ነበር። ዙፋኑን ያጣው ታላቅ ወንድም ይህን ሲያገኝ አልዘገየም፤ ጦር አነሳ፣ ወንድሙን ድል ነሳ፣ አቡነ ጴጥሮስን አጋዘ፣ ሚናስንም በመንበሩ አስቀመጠው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ መነኮሳት ተጣሉና አንደኛው የባልንጀራውን ንብረት ዘርፎ ወደ ግብፅ ሸሸ፣ ተንኮሉም ወጣ። ሊቀ ጳጳሱ ሚናስን አወገዘው፣ ንጉሡም ሚናስን አስገደለና አቡነ ጴጥሮስን ከግዞት ለመመለስ ሰው ላከ፤ አቡነ ጴጥሮስ ግን በግዞት ሳለ አርፎ ነበር። ንጉሡ በዚያን ጊዜ እንኳ ወደ ግብፅ ልኮ ሥርዓቱን ጠብቆ ጳጳስ ከማስሾም ይልቅ፣ የሟቹን ደቀ መዝሙር ሳይሾም የጳጳስ ሥራ እንዲሠራ በግድ አስቀረው። በዚህ የተነሳ እስክንድርያ ፊቷን አዞረች፤ ከቆዝሞስ ጀምሮ እስከ ፊላታዎስ ድረስ ሊቃነ ጳጳሳት ሲፈራረቁ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ሳይላክ ቀረ።

ጳጳስ አለመላኩ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል። ቀሳውስትንና ዲያቆናትን የሚሾም፣ ታቦትን የሚባርክ ጳጳሱ ብቻ ነው። ጳጳስ ለአንድ ትውልድ ከታጣ የነበሩት ቀሳውስት አርጅተው ይሞታሉ፣ የሚተካቸው ግን የለም፤ ቅዳሴው ይታጎላል፤ ንጉሡም የሚቀባው አያገኝም። ንግሥቲቱ የመጣችበት አገር እንዲህ ከውስጡ እየመነመነ የነበረ አገር ነው። ሊቀ ጳጳስ ፊላታዎስ በኖባው ንጉሥ አማላጅነት ከአባ መቃርስ ገዳም ዳንኤል የሚባል መነኩሴ ሾሞ ላከ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው፣ እግዚአብሔርም የዚያችን ሴት ነገር ፈጸመው ይላል ጸሐፊው። ሚካኤል ዘቲኒስ ነገሩን የጻፈው የቤተ ክርስቲያኑን ሥልጣን ለማስከበር እንደሆነ ግልጽ ነው፣ ለግብፅ ጳጳስ ያልታዘዘ እንዲህ ይሆናል ማለቱ ነው። ቢሆንም የእርሱ ትረካና የኢብን ሐውቀል መስመሮች አንዱ ሌላውን ሳያውቅ በተመሳሳይ ዘመን ላይ መገናኘታቸው ንግሥቲቱ በእርግጥ እንደነበረች አሳምኖኛል። የማያሳምነኝ፣ የደብዳቤው ጸሐፊ ጥፋቱን በራሱ ቤት ውስጥ ሲፈልግ፣ በኋላ የመጣው ትረካ የቤተ መንግሥቱን ሽኩቻና የሐሰተኛውን ደብዳቤ ነገር ጨርሶ ረስቶ ምክንያቱን ሁሉ በአንዲት ሴት ገላ ላይ ማሳረፉ ነው።

ታዲያ ከየት ነበረች? የጣልያኑ ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ፣ በዓረብኛው አል ሐምዊያ ተብሎ የተነበበው ስም በገልባጮች እጅ የተበላሸ እንደሆነና ትክክለኛው ንባብ ዳሞት ሊሆን እንደሚችል አሳስቧል፤ ሁለቱ ስሞች በዓረብኛ ፊደል ሲጻፉ ይቀራረባሉና። ዳሞት ያኔ ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ፣ ክርስትናን ያልተቀበለ ኃያል መንግሥት ነበር፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞተለሚ የሚባለው ንጉሡ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ ሳይቀር ይታወሳል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት በሚናገረው ታላቅ ሥራቸው ውስጥ ነገሩን በዚህ በደቡቡ አቅጣጫ ያዩታል። ከአገው ወገን ናት የሚሉ፣ እንዲያውም ከዛግዌ ሥርወ መንግሥት አነሳስ ጋር የሚያያይዟት ምሁራንም አሉ። እኔ ወደ ደቡቡ አሳብ አዘነብላለሁ፤ ኢብን ሐውቀል የራሷ አገር እንዳላትና ያ አገር ከሐፃኒው ግዛት የተለየ እንደሆነ አጥርቶ ይናገራልና። ተባርራ የተመለሰች የአክሱም ልዕልት ብትሆን ኖሮ ይህ አነጋገር ባላስፈለገ ነበር።

አይሁድ ነበረች የሚለው ነገር በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የሰሜን ተራሮች አይሁዶች ንጉሥ የጌዴዎን ልጅ አድርጎ አቀረባት። ይህ ከዘመኗ ስምንት መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፈ ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ምስክር ግን የለውም። ነገሩን አቅልዬ የማላልፈው ስላሳደረው መዘዝ ነው። ቤተ እስራኤል በሰሜን፣ በደምብያና በወገራ በኖሩባቸው ዘመናት ብዙ ሐሜትና መገለል ተሸክመዋል፤ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለችው የእነርሱ ንግሥት ናት የሚለው ትረካም ሸክሙን አክብዶባቸዋል። በሌላ በኩል ዛሬ በእስራኤል ከሚኖሩት መካከል እርሷን የኃያልነት ዘመናቸው ንግሥት አድርገው የሚኮሩባት አሉ። ኩራታቸው ይገባኛል፤ የታሪክ ማስረጃው ግን ኩራቱንም ጥላቻውንም አይደግፍም። ዮዲት የሚለው ስም ራሱ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሆሎፎርኒስን ገድላ ሕዝቧን ያዳነች የቅድስት ሴት ስም ነው። በዘመኗና ለዘመኗ ቀርበው የጻፉት ሁለቱም ምስክሮች ደግሞ ንግሥቲቱን በምንም ስም አይጠሯትም።

ከመጻሕፍቱ በኋላ ወደ ድንጋዮቹ ሄድሁ። ከአክሱም በስተምዕራብ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጉዲት ሐውልቶች የሚባል መስክ አለ። ድንጋዮቹ እንደ ዋናዎቹ ሐውልቶች ያልተጠረቡ፣ አብዛኞቹ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጡ፣ አንዳንዶቹ የተጋደሙ ናቸው፤ ገበሬዎች በመካከላቸው ያርሳሉ። ሰዎቹ ጉዲት የጣለቻቸው ናቸው ይላሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኔቪል ቺቲክ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን የመሯቸው የቁፋሮ ጥናቶች እንዳሳዩት ግን ቦታው በአክሱም ገናና ዘመን የተራው ሕዝብ መቃብር ነበር፤ ከንግሥቲቱ በስድስትና በሰባት መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የዱንጉር ፍርስራሽ በሕዝቡ ዘንድ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይባላል፣ ምንም እንኳ የተሠራው ከሳባ ዘመን እጅግ ዘግይቶ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ቢሆንም። የአክሱም ሰው የመንገዱን አንድ ወገን ለሠራችው ንግሥት፣ ሌላውን ወገን ላፈረሰችው ንግሥት ማካፈሉ ትውፊት እንዴት እንደሚሠራ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ግልጽ አድርጎ አሳይቶኛል።

ትልቁ ሐውልትም እንዲሁ ነው። 33 ሜትር ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት ያለው ይህ ድንጋይ ተሰባብሮ ወድቆ ሲታይ ጉዲት ጣለችው ይባላል፤ አጥኚዎቹ ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገና ሲያቆሙት ወይም ቆሞ ብዙ ሳይቆይ እንደወደቀ ይገምታሉ። የአክሱም መዳከም ራሱ የጀመረው ከእርሷ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ማሳተማቸውን በ7ኛው ክፍለ ዘመን አቆሙ፤ የአዱሊስ ወደብ ንግድ ጠፋ፤ በአክሱም ዙሪያ ያለው መሬት በእርሻና በደን ምንጠራ ብዛት አፈሩ ታጥቦ ተራቆተ፣ የዝናቡም ሁኔታ ተለወጠ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የዓረብ የታሪክና የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ያዕቆቢ የሐበሻ ንጉሥ ከተማ ብሎ የሚጠቅሰው አክሱምን ሳይሆን ኩዕባር የምትባል ሌላ ከተማ ነው። ንግሥቲቱ ስትነሳ አክሱም ከመንግሥት መቀመጫነት ከወረደች ቆይታለች። ሦስት መቶ ዓመት የፈጀ ውድቀት በአንድ ሰው ዘመን ተጠቅልሎ ለእርሷ ተሰጠ ማለት ነው።

ወደ ትግራይ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ከውቅሮ በስተምዕራብ ባለው በአብርሃ ወአጽብሃ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሰ ገበዙ በመቋሚያቸው ጫፍ ጣሪያውን አመለከቱኝ። ከዓለት በተቀረጸው ጣሪያ ላይ፣ በአምዶቹም ራስ ዙሪያ፣ የድንጋዩን ቀይነት የሸፈነ ጥቁር ነገር አለ። «የጉዲት እሳት የላሰው ነው» አሉኝ። «አባታችን፣ ከእርሷ በኋላስ ሌላ እሳት አልነካውም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሌላማ ይኖራል፤ አባቶቻችን የነገሩን ግን የእርሷን ነው» ብለው መለሱልኝ፣ ያለ አንዳች ቅሬታ። ቤተ ክርስቲያኑ የተፈለፈለበትን ዘመን ከ10ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ የሚያደርጉ ምሁራን አሉ፤ እነርሱ ልክ ከሆኑ እሳቱ የእርሷ ሊሆን አይችልም። የጧፍና የዕጣን ጢስም በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ድንጋይን ያጠቁራል። ነገር ግን ደብዳቤው ራሱ አብያተ ክርስቲያናት መጥፋታቸውን ይናገራልና፣ የካህናቱ ትዝታ በቦታው ላይ ቢሳሳት እንኳ በነገሩ ላይ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም።

የደብረ ዳሞው ነገር የበለጠ ያጠራጥረኛል። የነገሥታትን ልጆች በአምባ ላይ ማስቀመጥ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከ1270 በኋላ በነገሡት ነገሥታት ዘመን፣ በአምባ ግሸን ነው። ግሸንን ደግሞ የኢማም አሕመድ ጦር በ1540 ይዞ በላዩ የነበሩትን ፈጅቷል። ይህ መራራ ትዝታ ወደ ኋላ ተስቦ ለጉዲት የተሰጠ ሊሆን እንደሚችል እጠረጥራለሁ። ትረካው ለሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥትም ይጠቅም ነበር፤ ከፍጅቱ አንበሳ ውድም የሚባል አንድ ልዑል አምልጦ ወደ ሸዋ ሄደ፣ ከዘሩም ይኩኖ አምላክ ተወለደ ስለሚል፣ በ1270 የተደረገው የመንግሥት ለውጥ የተቋረጠውን መቀጠል ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩት ዛዮች ደግሞ ካህናት ከጉዲት ሸሽተው የጽዮንን ታቦት ወደ ደሴታቸው አምጥተው እንደነበር ይተርካሉ፤ የደሴቲቱ ገዳምም ደብረ ጽዮን ይባላል። አንድ ክስተት ከአክሱም እስከ ዝዋይ ድረስ ለቦታዎች ሁሉ ታሪክ ሲሆን፣ ቢያንስ ድንጋጤው ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ ያመለክታል።

ቀብሯ በውቅሮ አካባቢ ዓዲ ቀዋሕ በሚባለው ስፍራ ነው ይባላል። እኔ ግን የበለጠ ፍንጭ የምጠብቀው ከደቡብ፣ ስለ እርሷ ምንም ከማይነገርባቸው ቦታዎች ነው። የፈረንሳይ የቁፋሮ ባለሙያዎች በመንዝና በአካባቢው የሻይ ባህል ብለው የሰየሙትን ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የቆየ ሥልጣኔ መቃብሮች አጥንተዋል። በትላልቅ የአፈርና የድንጋይ ጉብታዎች ሥር የተቀበሩት ሰዎች ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አልነበሩም፤ አብረዋቸው ከተገኙት ውስጥ በጥንቃቄ የተሠሩ የሸክላ ዕቃዎችና ከሩቅ አገር በንግድ የመጡ የመስታወት ዶቃዎች አሉ። ንግሥቲቱ ከእነርሱ ወገን ነበረች አልልም። ነገር ግን እርሷ በኖረችበት ዘመን፣ ከክርስቲያኑ መንግሥት በስተደቡብ፣ ሀብትና ሹማምንት የነበራቸው፣ በራሳቸው ሥርዓት የሚኖሩ ሕዝቦች እንደነበሩ ዶቃዎቹ ያረጋግጣሉ። ኢብን ሐውቀል የራሷ አገር ያለው ምድር በዚያ አቅጣጫ ይገኝ እንደሆነ ለማወቅ ገና ያልተነኩት ጉብታዎች ብዙ ናቸው፤ የሚቀጥለውን ንባቤን የጀመርሁትም በእነዚሁ የቁፋሮ ዘገባዎች ነው።